የክርስትና ወንድሟ

ልጄ ትዕግሥት ከይሻው ጋር የተገናኘችው የእኔ ስልክ መስታወቱ በመሰበሩ ነው። አንዳንዴ ምነው ባልጣልኩት እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ እንኳን ጣልኩት እላለሁ።

ትዕግሥት እብናት አካባቢ በአንዲት የገጠር ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል ታስተምር ነበር። በኅዳር በጸጥታው ችግር ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። መኪና ስላልነበረ ሁለት ቀን በእግሯ ተጉዛ ደብረ ታቦር ገባች። በሩን ከፍቼ ሳያት እግሯ አብጧል፣ ከንፈሯ ደርቋል።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«ደህና ነኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉም ነገር ደህና ሆነ። ምግቡ ደህና ነው። እንቅልፉ ደህና ነው። የአክስቷን መርዶ ስነግራት እንኳ «እሺ» ብላ ሽንኩርት መክተፏን ቀጠለች።

እኔ ክፉ ክፉውን የማስብ ሰው ነኝ። በር ሲንኳኳ መርዶ ይመስለኛል። አባቷ አስናቀ ነፍሱን ይማረውና «ውዴ፣ አንቺ እኮ ደመና ሳይኖር ጎርፍ ይታይሻል» ይለኝ ነበር። ስለዚህ በመንገድ ላይ ደርሶባት ይሆናል የምለውን ክፉ ነገር ሁሉ አንድ በአንድ አስቤዋለሁ። መጠየቅ ግን አልቻልኩም። ብትመልስልኝስ?

በጥር መጨረሻ ስልኩን ልናሠራ አብረን ገበያ ወረድን። ብቻዋን አልልካትም ነበር። ሱቁ ሁለት ሰው ቆሞ የማያሳልፍ ጠባብ ነው። ከባንኮኒው ጀርባ አንድ ቀጭን ወጣት የዳዊት መጽሐፍ የምታክል ነገር በሁለት እጁ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ በአውራ ጣቶቹ ይነካካል። ቀና ብሎም አላየን።

«ጤና ይስጥልኝ» አልኩ።

«አንድ ጊዜ፣ እትዬ። አንድ ጊዜ ብቻ። ልሞት ነው።»

«በስመ አብ!»

«ሞትኩ» አለና ቀና አለ። ከዚያ ትልቅ ሰው መሆኔን ሲያይ ደንግጦ ተነሣ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጌም ነው።»

ትዕግሥት ግን እኔንም እሱንም አላየችም። የምታየው የያዘውን ነገር ነው። ሦስት ወር ሙሉ ምንም ነገር አተኩራ ስታይ አላየሁም ነበርና ልብ አልኩ።

«ለምን ወደ ኋላ አልተመለስክም?» አለችው።

«ወደ ኋላ?»

«በሩ ክፍት ነበር። ከፊትህ የመጣው ትልቅ ነው፤ አንተ ደግሞ ደምህ አልቋል።»

«ጌም ትጫወቻለሽ?»

«አልጫወትም። አየሁ እንጂ።»

ይሻው ጥቂት አያት። ከዚያ ጌሙን በባንኮኒው ላይ ወደ እሷ ገፋ አደረገው። «እንግዲያው ያዥው። እኔ የእናትሽን ስልክ እስክፈታ አንቺ በበሩ ተመለሺ።»

በትከሻዋ በኩል አጮልቄ አየሁ። አንድ ጨለማ ግንብ ነው። ጥቁር ካባ የለበሰች ሴት በግራ እጇ ፋኖስ፣ በቀኝ እጇ ማጭድ ይዛ በባዶ አዳራሽ ትሄዳለች። ግድግዳው ላይ የደረቁ አበቦች፣ ወለሉ ላይ የተከፈቱ መቃብሮች። ከመቃብሩ የሚነሣ ሁሉ ይመጣባታል። አማተብኩ። ልጄ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሳትደነግጥ ትመታለች፣ ትሸሻለች፣ ደግሞ ትመታለች።

«አትጮሂም» አላት ይሻው። «ሰው ሁሉ ያ አጽም ሲዘልበት ይጮሃል።»

«መጮህ ምን ያደርጋል?»

ትንሿን ብሎን መፍቻ አንሥቶ ስልኩን መፍታት ጀመረ።

ወሬውን ለመቀየር «የማን ልጅ ነህ?» አልኩት።

«የፈንታነሽ። ያደግሁት ጎንደር አጎቴ ዘንድ ነው። ለጥምቀት እናቴን ልጠይቅ መጥቼ መንገድ ተዘጋብኝ። እንግዲህ እስኪከፈት ብዬ ይቺን ሱቅ ተከራየሁ።»

«የፈንታነሽ ይሻው! የአፍንጫህ ነገር አሁን ነው የገባኝ። ትዕግሥት፣ ይሄ እኮ የክርስትና ወንድምሽ ነው!»

ልቤ ቀለለኝ። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ከካህኑ እጅ የምትቀበላት ሴት የክርስትና እናቷ ናት። የክርስትና እናት ልጅ ደግሞ ወንድም ነው፤ አያገቡትም፣ አያሙትም። ፈንታነሽ የልጄ የክርስትና እናት መሆኗን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በየፋሲካው ቀሚስ ታለብሳታለች። እንግዲህ ከወንድሟ ጋር ብትጫወት ማን ምን ይላል?

ይሻው ስንወጣ ጌሙን አብሮ ሰጣት። «የአንድ ቀን ተኩል ባትሪ አለው። ሲያልቅ መልሺልኝ።»

የዚያን ሰሞን መብራት በፈረቃ ነበር። ገበያው ሲበራ የእኛ ሰፈር ይጠፋል፤ የእኛ ሲበራ ገበያው ይጠፋል። ጌሙም እንደ መብራቱ ተመላላሽ ሆነ። አንድ ቀን እኛ ቤት ነው፣ አንድ ቀን ሱቁ። የሚገርመው ሁለቱም የሚጫወቱት በአንዲት ሴት ነበር። እሷ ያደረሰችበት ቦታ እሱ ይቀጥላል፣ እሱ ያደረሰበት እሷ ትቀጥላለች። ባለፋኖሷ በሁለት ሰው እጅ ያንን ግንብ ክፍል በክፍል ትወጣዋለች። ከላይ፣ እንቅልፍ የማያውቅ የግንቡ ጌታ አለ አሉ። እሱን ስትገድል ያልቃል።

መጀመሪያ ትዕግሥት ነበረች ወደ ሱቁ የምትወስደው። ኋላ ይሻው ራሱ ማምጣት ጀመረ። ደጃፍ ላይ ጫማውን ይጠርጋል፣ «እትዬ ውዴ እንደምን አሉ?» ይላል፣ መደቡ ላይ ትዕግሥት አጠገብ ይቀመጣል። እኔ ምስር እየለቀምኩ እሰማለሁ።

«ትናንት ሦስት ጊዜ ገደልሻት።»

«አራት።»

«አራተኛውን አላየሁም።»

«እሱስ ባንተ ነው። መሰላሉ ጫፍ ላይ አቁመሃት ሄድክ። እንደከፈትኩት ወደቀች።»

«ሆን ብዬ ነው።»

«ለምን?»

«ትናደጂ እንደሆን ልይ ብዬ።»

«አልተናደድኩም።»

«አውቃለሁ» አለ ይሻው። «በሚቀጥለው እሳት ውስጥ ነው የማቆምልሽ።»

«በቤቴ ሞት አትጥሩ!» እላለሁ እኔ። «እናንተ ልጆች፣ መልአክ ያልፋል፣ ይሁን ይላል!»

ነገሩ እየከነከነኝ ሲሄድ ለንስሐ አባቴ ለመምሬ ባዩ ነገርኳቸው። ሙታኑን፣ መቃብሩን፣ ጥርሱን ያገጠጠውን አጽም ሁሉ ዘረዘርኩላቸው። ጢማቸውን እየዳሰሱ አዳመጡኝ።

«ሴቲቱ ሙታኑን ታመልካቸዋለች ወይስ ትወጋቸዋለች?»

«ትወጋቸዋለች፣ አባቴ።»

«ታዲያ ትውጋ። በጾሙ ግን ትቀንስ።»

በጾሙ ቀነሱ። አንድ ነገር ግን አልቀነሱም፤ ጌሙን መለዋወጡን። አንድ ቀን ትዕግሥት ጌሙን ከፈተችና ሳትነካው ብዙ ቆየች። ምን ሆነሽ ብዬ ቀረብኩ። ባለፋኖሷ ከአንድ ረጅም መስኮት ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ከመስኮቱ ውጭ በረዶ ይዘንባል። የሚመጣባት ጠላት የለም።

«ምን እያደረገች ነው?» አልኩ።

«ምንም። እዚህ አስቀምጧት ነው የሄደው።»

«መንገዱ ጠፍቶበት?»

«አይደለም» አለች። «እንድታርፍ ነው።»

እሷም አልነካቻትም። በማግስቱ እንደተቀመጠች ላከችለት። እሱም እንደተቀመጠች መለሰው። አንድ ሳምንት ሙሉ ያቺ ሴት መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ከገበያ እኛ ቤት፣ ከእኛ ቤት ገበያ ተመላለሰች። በስምንተኛው ቀን ትዕግሥት ከፍታ ስታይ ይሻው ሴቲቱን ከአግዳሚው አንሥቶ ከአንድ ትልቅ ደወል ውስጥ ደብቋታል፤ የሚታየው እግሯ ብቻ ነው። ልጄ ሳቀች። አጭር ሳቅ ናት፣ እንደ ሳል። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፤ ወዲያው ደግሞ ይሄ ሳቅ ምን ሊያመጣብን ነው ብዬ ፈራሁ።

ያመጣውን ያየሁት ከፋሲካ በኋላ ነው። ከዕድር ስመለስ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጌሙ መካከላቸው ነው፤ ባትሪው አልቆ ጠፍቷል። ሁለቱም ግን አቀርቅረው ያዩታል። በጥቁሩ መስታወት ላይ ሁለት ፊት አየሁ። አንዱ ሌላውን ነበር የሚያየው። ፊት ለፊት ለመተያየት አፍረው በመስታወቱ ይተያያሉ።

ይሻው ከኔ ጋር ዓይን ለዓይን ሲገጥም ብድግ አለ። ሳይሰናበት ወጣ።

በሦስተኛው ቀን በር ላይ ጠራኝ። አልገባም አለ።

«እትዬ ውዴ፣ ሐሙስ ወደ ጎንደር እሄዳለሁ። መንገዱ ተከፍቷል አሉ።»

«ምነው በድንገት?»

«ወንድሟ አይደለሁ» አለ። ድምፁ እንደ ልጅ ተሰብሮ ነበር። ጌሙን እጄ ላይ አኖረው። «ይሄ እሷ ዘንድ ይቅር።»

ለምን እንደሚሄድ ለእናቱ ነግሯት እንደሆነ ጠየቅሁት። ነግሬያታለሁ አለኝ። ምን አለች? «ዝም አለች። ከዚያ ልብሴን አጠበችልኝ» አለ።

ጌሙን ለትዕግሥት ሰጠኋት። መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። መብራት መጣ፤ ባትሪውን አልሰካችውም። መብራት ሄደ፤ ልብ አላለችም። እራት ሰጠኋት።

«ምን ሆነሻል፣ የኔ ልጅ?»

«ደህና ነኝ።»

ከእብናት የመጣች ቀን ያለችው እሱኑ ነበር።

አሁን የኔን ኃጢአት ልንገር። ፈንታነሽ የልጄ የክርስትና እናት አይደለችም።

ከሃያ አራት ዓመት በፊት በሰማንያኛው ቀን ጠዋት ልጄን ታቅፌ ከፈንታነሽ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። አስናቀና አማቴ ድግሱን ሊያዩ ቤት ቀርተዋል። ቅጽሩ በር ላይ ስንደርስ ፈንታነሽ ክንዴን ጨመቀችኝ። «ውዴ፣ ግዳጄ መጣብኝ» አለችኝ በጆሮዬ። የወር ግዳጅ ላይ ያለች ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ካህናቱ ጨርሰው ይጠብቁናል። ከበሩ ሥር ትርንጎ የምትባል ጧፍ ሻጭ ነበረች፤ ቆራቢ፣ ምስኪን ሴት። እሷን ለመንናት። ገብታ ልጄን ከካህኑ እጅ ተቀበለች፣ ለኔ መለሰችልኝ፣ ወደ ጧፏ ተመለሰች።

ፈንታነሽ በመንገድ ላይ አስማለችኝ። «አማትሽ ከሰሙ ገደ ቢስ ይሉኛል። ለማንም እንዳትናገሪ።» ማልኩ። ድግሱ ላይ ሁሉም የክርስትና እናቷ ብሎ መረቃት። ለሃያ አራት ዓመት ስለው ስለው እኔም አምኜው ነበር። በዚያች ሱቅ ውስጥ ወንድምሽ ነው ስላት ውሸት መሆኑ ትዝ አላለኝም።

ትዝ ካለኝ በኋላም ሁለት ቀን ዝም አልኩ። መሐላዬን ባፈርስ ይቀሥፈኛል አልኩ። ፈንታነሽ ልጄን ብትፈልግ ኖሮ እሷ አትናገርም ነበር? አልፈለገቻትም ማለት ነው አልኩ። ቢጋቡስ ደግሞ፣ የጎንደር መንገድ... ሐሙስ ማለዳ ግን ትዕግሥት የአስተማሪነት ጋዋኗን አጥፋ ሳጥን ውስጥ ስትከት አየኋት። ቀስ ብላ፣ ሙት እንደሚገነዝ ሰው። ነጠላዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ፈንታነሽ ደጃፏ ላይ ጌሾ ትለቅማለች።

«ይሻው የለም?»

«በሌሊት መናኸሪያ ሄደ።»

«ስልኩ?»

«ኔትወርክ ከትናንት ጀምሮ የለ።» ቀና ብላ አላየችኝም።

«ፈንታነሽ፣ ያን ቀን...»

«የትኛውን ቀን?» አለች። እጇ ግን ጌሾው ላይ ቆመ።

«አውቀሽዋል።»

«ለማንም አልናገርም ብለሽ ምለሽልኛል።»

«አስምለሽኝ ነው!»

«አማትሽን ፈርቼ ነዋ! ሴትዮዋ ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመት ሆናቸው እኮ!»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንቺስ? ልጄን አልፈለገችውም ብዬ ነው። ስልክ ጠጋኝ ነው፣ ልጄን አልሰጥም ብላ ነው ብዬ።»

«እኔ? እኔ እኮ አንቺ ልጄን...»

ሁለት የእርጅና ደጅ ላይ የቆምን ሴቶች ልጆቻችንን በዝምታ ልንገድላቸው ነበር። ፈንታነሽ በጌሾ እጇ ዓይኗን ጠረገች፤ አቃጠላትና ይበልጥ አለቀሰች።

«ሴት ልጅ አልወለድኩም፣ ውዴ። ያለችኝ እሷ ናት። የክርስትና እናቷ አይደለሁም ካልኩ ምኗ ልሆን ነው?»

«አማቷ።»

«አማት ደግሞ መቼ ይወደዳል?»

«አንቺ የኔን አማት አይተሽ ነው። ተነሺ!»

መምሬ ባዩን ከቅዳሴ ሲወጡ አገኘናቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «ያነሣቻት ሴት በሕይወት አለች?» አሉ። ወደ ቅጽሩ በር ዞርን። ትርንጎ እዚያው ናቸው፣ አርጅተው፣ ጧፋቸውን በሰሌን ላይ ደርድረው።

«እማማ ትርንጎ፣ ከብዙ ዓመት በፊት አንዲት ሴት ልጅ ክርስትና...»

«ወለተ ሥላሴ» አሉ።

የትዕግሥት የክርስትና ስም ነው። ከኔና ከካህኑ በቀር የሚያውቀው ያለ አልመሰለኝም ነበር።

«እንዴት አልረሱትም?»

«ያነሣሁት አንድ ልጅ ነው። አንድ ነገር ይረሳል?»

«ታዲያ አንድ ቀን እንኳ ለምን...»

«ማን ጠራኝ?» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም። ለዚህ ነው የከበደኝ። በየሰንበቱ ከፊታቸው አልፌያለሁ፣ ጧፍ ገዝቻለሁ፤ እጃቸውን እንጂ ፊታቸውን አይቼ አላውቅም።

መምሬ ባዩ «ልጅ አለሽ፣ ትርንጎ?» ብለው ጠየቁ።

«አልወለድኩም፣ አባቴ።»

«እንግዲያው ለልጆቹ ክልከላ የለባቸውም። ለእናንተ ለሁለታችሁ ግን ቀኖና አለባችሁ» አሉ ወደኛ ዞረው። ቀኖናውን ሳልሰማ ሮጥኩ።

ጎንደር የሚሄደው መኪና ማለዳ ይወጣል። ፀሐይ ከፍ ብላለች። አልፏል። ቤት ገብቼ ለልጄ የነገርኳት መኪናው ካለፈ በኋላ እንደሆነ እያወቅሁ ነው። ቆማ ሰማችኝ። እሺ ትላለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ታውቂ ነበር?» አለች።

«አዎ።»

«ሲነጋ ሲመሽ እያየሽኝ?»

«ፈርቼ ነው።»

«ምንን?»

«ሁሉንም።»

«ሁሌ ትፈሪያለሽ!» ጮኸች። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ መሰለኝ። «ሁሌ! ምን እንደሆንኩ አንድ ቀን ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ? አንድ ቀን!»

የጎረቤት በር ሲከፈት ሰማሁ። ማፈር ነበረብኝ። እኔ ግን የልጄን ድምፅ ነበር የምሰማው። ከስድስት ወር በኋላ ድምፅ አላት።

ነጠላ ሳትለብስ ወጣች። «አልፏል እኮ፣ መኪናው አልፏል» እያልኩ ከኋላዋ ተከተልኩ። ከጉና የሚወርደው ነፋስ ፀጉሯን ይበትነዋል፤ አልያዘችውም።

መናኸሪያው በሰው ሞልቷል። መንገደኛው ሁሉ ሻንጣው ላይ ተቀምጧል። አንድ ረዳት አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ቆሞ «መንገዱ ተዘግቷል! ነገም አይታወቅም!» ይላል። በዕድሜዬ መንገድ ተዘጋ ሲባል ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ይሻው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሲያያት ቀጥ አለ። ክንድ ያህል ርቃ ቆመች።

«ወንድሜ አይደለህም» አለችው፤ አሁንም እንደተቆጣች ነው።

«ማን አለ?»

«እናቴ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተወለድኩ ጀምሮ!»

ወደኔ አየ። ራሴን ነቅንቄ አዎን አልኩ። ሻንጣው ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ፤ ወይም አለቀሰ፣ ከርቀት አልለየሁትም። ትዕግሥት አጠገቡ ተቀመጠች። እጁን ዘረጋ፣ እሷም እጇን እዚያ ላይ አኖረች፣ ሰው ሁሉ እያያቸው።

ያኔ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ሰኞ እመጣለሁ ብያቸው ነበር» አለች።

«ለማን?» አላት።

«ለልጆቹ። እስከ ወንዙ ሸኙኝ። ሠላሳ አራት ናቸው። መምህር መቼ ትመጫለሽ አሉኝ። ሰኞ አልኳቸው። እንደማልመጣ እያወቅሁ፣ ሰኞ አልኳቸው።»

ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። መንገደኛው ዞር ዞር ብሎ አየ፤ አንዲት ሴት «አይዞሽ እህቴ» አለቻት። ስድስት ወር ሙሉ በልቤ የሣልኩት ክፉ ነገር ሁሉ ይኸው ነበር፤ ሠላሳ አራት ልጅና አንድ ሰኞ። ሄጄ ላቅፋት እርምጃ ጀመርኩ። ይሻው ግን ቀድሞኝ ነበርና ባለሁበት ቆምኩ።